የፔሪዮዲክ ቴብል አዝማሚያዎችን በፓስታ ገበታ ሠርቶ ማንበብ

«ከማግኒዥየምና ከአሉሚኒየም የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የቱ ይቀላል?» ይህ ጥያቄ ፈተና በቀረበ ቁጥር ይመጣል፤ ሁልጊዜም ከኋላው አንድ ቅሬታ ይከተላል። «በመጽሐፉ ቴብል ላይ የተሳለው ቀስት የመንጠቂያው ኢነርጂ ወደ ቀኝ ይጨምራል ይላል፣ መልሱ ግን ተቃራኒው ሆነብኝ።» ቀስቱ አልዋሸም፤ ሙሉውን ግን አልተናገረም። ከታች ያለውን ሥራ በእጃችሁ ስትሠሩ አዝማሚያው የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚደናቀፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ቀስት መሸምደድ አያስፈልግም፤ ሁለት ነገር መቁጠር ይበቃል። ሥራው 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ለብቻም ለቡድንም ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ረጅም ፓስታ፣ 30 ዘንግ። ርዝመቱ 25 ሴሜ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። በስሌት የሚያስፈልገው 15 ዘንግ ገደማ ነው፤ የቀረው ለሚሰበረው ነው። በጣም ቀጭኑን አትግዙ፣ ስትተክሉት ይሰበራል።
- ከቴሌቪዥን ወይም ከፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚወጣ ነጭ ፎም፣ 30 ሴሜ በ20 ሴሜ፣ ውፍረቱ 2 ሴሜ። ፎም ካጣችሁ 4 ወይም 5 ድርብ ካርቶን በኮላ አጣብቁ።
- ፎሙን የሚሸፍን ነጭ ወረቀት፣ ኮላ፣ እርሳስ፣ ቀይ ማርከር
- ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ
- ጥፍር መቁረጫ። መቀስ ፓስታን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰባብረዋል።
- ስፒል ወይም ወፍራም መርፌ
- አቶማዊ ቁጥር ያለበት ማንኛውም ፔሪዮዲክ ቴብል

ጥንቃቄ፦ ደረቅ ፓስታ ሲቆረጥ ቁራጩ ተስፈንጥሮ ዓይን ይመታል። የሚቆረጠውን ጫፍ ወደ ጠረጴዛው አዘንብሉና በሌላው እጃችሁ ጋርዱት። ተክላችሁ ስትጨርሱም ፊታችሁን ከዘንጎቹ በላይ አታጎንብሱ፤ ከጎን ተመልከቱ።

ደረጃ 1፦ ገበታውን አስምሩ

ወረቀቱን ፎሙ ላይ ለጥፉና 8 ዓምድ በ4 ረድፍ አስምሩ፤ እያንዳንዱ ክፍል 3 ሴሜ በ3 ሴሜ ይሁን። ከዚህ ካነሰ ጣታችሁ የተተከለውን እየነካ ይሰብረዋል።

አንደኛው ረድፍ ላይ ሃይድሮጅን በ1ኛው ዓምድ፣ ሂሊየም በ8ኛው ይቀመጣሉ፤ መሃሉ ባዶ ነው። ሁለተኛው ከሊቲየም እስከ ኒዮን፣ ሦስተኛው ከሶዲየም እስከ አርገን ይሞላል። አራተኛው ረድፍ ላይ ፖታሲየምና ካልሲየም ብቻ ይገባሉ።

ከካልሲየም ቀጥሎ ያለውን ክፍል በጋሊየም ለመሙላት አትሞክሩ። በሁለቱ መካከል ከቁጥር 21 እስከ 30 ያሉ 10 ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነርሱ የጨመሯቸው 10 ኤሌክትሮኖች ኒውክሊየሱን በደንብ አይከልሉም። በዚህ ምክንያት ጋሊየም ከአሉሚኒየም አንድ ሼል (በኒውክሊየሱ ዙሪያ ያለ የኤሌክትሮን ንብርብር) ቢጨምርም ሬዲየሱ (ከአቶሙ መሃል እስከ ዳሩ ያለው ርቀት) 135 ፒኮሜትር ነው፣ የአሉሚኒየም ግን 143። የዚህ መመሪያ ቆጠራ እስከ ቁጥር 20 በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ ስትጠቀሙበት ይህን አስታውሱ።

ደረጃ 2፦ በየክፍሉ ሁለት ቁጥር ጻፉ

በእያንዳንዱ ክፍል ጥግ ላይ የሼሎቹን ብዛትና የተጣራውን ቻርጅ ጻፉ። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ስለሆነ አትዝለሉት።

የሼሎቹ ብዛት የረድፉ ቁጥር ነው። የተጣራ ቻርጅ የምንለው ደግሞ ልክ እንደ ደመወዝ ነው፤ የውጭው ኤሌክትሮን የሚደርሰው ኒውክሊየሱ ካለው ሙሉ ቻርጅ ላይ ተቆርጦ የቀረው ነው። ቆራጮቹ በውስጠኛ ሼሎች ያሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ በመሃል ገብተው ይከልላሉ። ስለዚህ፦

የተጣራ ቻርጅ = አቶማዊ ቁጥር − የውስጥ ኤሌክትሮኖች ብዛት

ሶዲየም ከውስጥ ወደ ውጭ በየሼሉ 2፣8፣1 ኤሌክትሮን አለው። 11 − 10 = 1። ክሎሪን 2፣8፣7 ነው፤ 17 − 10 = 7። ፖታሲየም 2፣8፣8፣1፤ 19 − 18 = 1። ሁሉንም 20 ሥሩ። ከሂሊየም በስተቀር መልሳችሁ ከዓምዱ ቁጥር ጋር እኩል መምጣት አለበት፤ ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። ሂሊየም 8ኛው ዓምድ ላይ ቢቀመጥም የተጣራ ቻርጁ 2 ነው፣ የሚቀንስለት የውስጥ ሼል የለውምና።

ይህ ቆጠራ ግምታዊ ነው። በአንድ ሼል ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖችም እርስ በርስ ትንሽ ይከላለላሉ፣ የውስጦቹም መቶ በመቶ አይከልሉም። ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ዘንጎቹን ቁረጡ

ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሁለት ዘንግ ይቆረጣል። ያልተቀባው የመጀመሪያ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ነው፤ ማለትም በጋዝ መልክ ካለ አቶም በጣም የላላውን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ኢነርጂ። መስፈርቱ 1 ሚሜ ለ10 ኪሎጁል በሞል ነው። ጫፉ በማርከር የቀላው ሬዲየስ ነው፤ መስፈርቱ 1 ሚሜ ለ2 ፒኮሜትር።

ከታች በቅንፍ ያለው የሚታየው ርዝመት ነው። ለእያንዳንዱ 10 ሚሜ ጨምራችሁ ቁረጡ፣ ፎሙ ውስጥ የሚቀበረው እርሱ ነው። 10 ሚሜው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ አንዱ ጠልቆ ሌላው ተንሳፍፎ ከተተከለ ንጽጽሩ ከንቱ ይሆናል።

መጀመሪያ የተጻፈው አዮናይዜሽን ኢነርጂ፣ ቀጥሎ ያለው ሬዲየስ ነው።

ሃይድሮጅን፦ 1312 (131 ሚሜ)፤ 37 (19 ሚሜ)
ሂሊየም፦ 2372 (237 ሚሜ)
ሊቲየም፦ 520 (52 ሚሜ)፤ 152 (76 ሚሜ)
ቤሪሊየም፦ 900 (90 ሚሜ)፤ 111 (56 ሚሜ)
ቦሮን፦ 801 (80 ሚሜ)፤ 88 (44 ሚሜ)
ካርቦን፦ 1086 (109 ሚሜ)፤ 77 (39 ሚሜ)
ናይትሮጅን፦ 1402 (140 ሚሜ)፤ 75 (38 ሚሜ)
ኦክስጅን፦ 1314 (131 ሚሜ)፤ 73 (37 ሚሜ)
ፍሎሪን፦ 1681 (168 ሚሜ)፤ 71 (36 ሚሜ)
ኒዮን፦ 2081 (208 ሚሜ)
ሶዲየም፦ 496 (50 ሚሜ)፤ 186 (93 ሚሜ)
ማግኒዥየም፦ 738 (74 ሚሜ)፤ 160 (80 ሚሜ)
አሉሚኒየም፦ 578 (58 ሚሜ)፤ 143 (72 ሚሜ)
ሲሊከን፦ 787 (79 ሚሜ)፤ 117 (59 ሚሜ)
ፎስፎረስ፦ 1012 (101 ሚሜ)፤ 110 (55 ሚሜ)
ሰልፈር፦ 1000 (100 ሚሜ)፤ 104 (52 ሚሜ)
ክሎሪን፦ 1251 (125 ሚሜ)፤ 99 (50 ሚሜ)
አርገን፦ 1521 (152 ሚሜ)
ፖታሲየም፦ 419 (42 ሚሜ)፤ 227 (114 ሚሜ)
ካልሲየም፦ 590 (59 ሚሜ)፤ 197 (99 ሚሜ)

ለሂሊየም፣ ለኒዮንና ለአርገን ቀይ ዘንግ የለም። የሌሎቹ ሬዲየስ የሚለካው ተያይዘው ካሉ ሁለት አቶሞች ርቀት ግማሹ ተወስዶ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ግን እርስ በርስ አይተሳሰሩም። አንዳንድ ሠንጠረዦች ሳይተሳሰሩ በተነካኩ አቶሞች መካከል ያለውን ርቀት ወስደው ይሞሉታል፤ ያ ሌላ ዓይነት መለኪያ ነው፣ ሁልጊዜም ይተልቃል። ሁለቱን ቀላቅለው ግራፍ የሠሩ ተማሪዎች «ኒዮን ላይ ለምን በድንገት ዘለለ?» እያሉ ይጨነቃሉ። የዘለለው አቶሙ ሳይሆን መለኪያው ነው።

በሌላ መጽሐፍ ላይ ለሶዲየም 186 ሳይሆን 166 ብታዩም አትደንግጡ። 186 በሶዲየም ሜታል ውስጥ የተለካው ነው፣ 166 ደግሞ በኮቫለንት (ኤሌክትሮን በመጋራት በሚፈጠር) ትስስር ላይ የተመሠረተው። ስታወዳድሩ ከአንድ ሠንጠረዥ ብቻ ውሰዱ፤ ይህ ብቻ ነው ሕጉ።

አንድ የመቁረጥ ነገር፦ የፎስፎረስና የሰልፈር ያልተቀቡ ዘንጎች የሚለያዩት በ1 ሚሜ ብቻ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተካክላችሁ፣ አንዱን በሌላው ለክታችሁ ቁረጡ። 1 ሚሜ ስህተት ከሠራችሁ ደረጃ 7 ላይ የሚታየው ነገር ይጠፋል። ፓስታችሁ ከ25 ሴሜ ካጠረ ደግሞ ለሂሊየም ብቻ ሁለት ቁራጭ በስኮች አያይዙ እንጂ መስፈርቱን አትቀንሱ፤ ከቀነሳችሁ ትንንሾቹ ልዩነቶች አይታዩም።

ደረጃ 4፦ ትከሉ

መጀመሪያ በስፒል ቀዳዳ አብጁ፤ ያለ ቀዳዳ የተገፋ ፓስታ ይሰበራል። በየክፍሉ ቀዩን በግራ፣ ያልተቀባውን በቀኝ፣ በ1 ሴሜ ርቀት ትከሉ። ከእናንተ ከሚርቀው ከአንደኛው ረድፍ ጀምራችሁ ወደ ራሳችሁ ኑ። ከቅርቡ ከጀመራችሁ ክንዳችሁ የተተከለውን ይጠርገዋል።

ደረጃ 5፦ ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ

ዓይናችሁን ከገበታው ጋር እኩል አውርዱና ሦስተኛውን ረድፍ ብቻ ተመልከቱ። ቀዮቹ ከ93 ሚሜ ወደ 50 ሚሜ ይወርዳሉ፤ ያልተቀቡት በጥቅሉ ከ50 ወደ 152 ይወጣሉ።

ምክንያቱን ጥግ ላይ ከጻፋችኋቸው ቁጥሮች አንብቡት። በረድፉ ላይ የሼሎቹ ብዛት 3 እንደሆነ ይቆያል፣ የተጣራው ቻርጅ ግን ከ1 እስከ 8 ይጨምራል። ያው ሼል በበለጠ ኃይል ሲጎተት አቶሙ ይጠባል፤ ኤሌክትሮኑም ቀረብ ብሎ ጠንክሮ ስለተያዘ ለመንጠቅ ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ «ኤሌክትሮን ስለተጨመረ አቶሙ ይተልቃል» የሚለው። ኤሌክትሮኑ የሚጨመረው እዚያው ሼል ላይ ነው፤ አብሮት ፕሮቶንም ተጨምሯል። የሚያሸንፈው ፕሮቶኑ ነው።

ደረጃ 6፦ ከላይ ወደ ታች አንብቡ

1ኛውን ዓምድ ከጎን ተመልከቱ። ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፦ ቀዩ 76፣ 93፣ 114 ሚሜ፤ ያልተቀባው 52፣ 50፣ 42። የተጣራው ቻርጅ ለሦስቱም 1 ነው፤ የተለወጠው የሼሉ ብዛት ብቻ ነው። ኤሌክትሮኑ በራቀ ቁጥር ይላላል። ፖታሲየም ውሃ ላይ ከሶዲየም ይልቅ በኃይል የሚነደውም ኤሌክትሮኑን ለመስጠት ስለሚቀለው ነው። ይህን በቤት አትሞክሩት፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይቀጣጠላል፣ የሚቀረው ውሃም ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል አልካላይ ነው።

ደረጃ 7፦ ሁለቱ መደናቀፊያዎች ላይ ቁሙ

አሁን ማስመሪያ ይዛችሁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ረድፍ ያልተቀቡ ዘንጎች ብቻ አንድ በአንድ ተከተሉ። መውጣቱ አራት ቦታ ላይ ይሰበራል፦ ከቤሪሊየም ወደ ቦሮን (90 ወደ 80)፣ ከናይትሮጅን ወደ ኦክስጅን (140 ወደ 131)፣ ከማግኒዥየም ወደ አሉሚኒየም (74 ወደ 58)፣ ከፎስፎረስ ወደ ሰልፈር (101 ወደ 100)። በሁለቱም ረድፍ የሚወርደው በ3ኛውና በ6ኛው ዓምድ ነው። ይህ የዕድል ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

የ3ኛው ዓምድ ምክንያት፦ ማግኒዥየም ሁለቱንም የውጭ ኤሌክትሮኖች በኤስ ንዑስ ሼል (የሼሉ አንድ ክፍል) ይዟል። የአሉሚኒየም ሦስተኛ ኤሌክትሮን ግን ፒ ንዑስ ሼል ውስጥ ይገባል። ፒ በኢነርጂ ከኤስ ከፍ ያለ ነው፤ ኤስ ላይ ያሉት ሁለቱም በተጨማሪ ይከልሉታል። የተጣራው ቻርጅ ከ2 ወደ 3 ቢያድግም ያ ብቸኛ ኤሌክትሮን ለመውጣት የቀረበ ነው። ስለዚህ የመግቢያው ጥያቄ መልስ አሉሚኒየም ነው፤ 578 ከ738 ያንሳል።

የ6ኛው ዓምድ ምክንያት ሌላ ነው። ፒ ውስጥ ሦስት ኦርቢታሎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው እስከ ሁለት ኤሌክትሮን የሚይዙ ቦታዎች አሉ። ፎስፎረስ ሦስት የፒ ኤሌክትሮኖቹን አንድ አንድ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሰልፈር አራተኛ ሲያመጣ ባዶ ኦርቢታል ስለሌለ ከአንዱ ጋር ይጣመራል፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ ስለሚገፋፉ አንደኛው በቀላሉ ይወጣል።

«ግማሽ የሞላ ሼል የተረጋጋ ስለሆነ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የማብራሪያ ጥያቄ ከሆነ ነጥብ የሚያሰጠው መገፋፋቱን መጥቀሳችሁ ነው።

አሁን ቀዮቹን ዘንጎች በእነዚያው አራት ቦታዎች ተመልከቱ። ምንም መሰናክል የለም፤ ከማግኒዥየም ወደ አሉሚኒየም 80 ወደ 72 ወርዷል፣ ሌላውም እንዲሁ። መደናቀፊያው የመጀመሪያው አዮናይዜሽን ኢነርጂ ብቻ ነው። ወደ ሬዲየስ ወይም ወደ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (ደረጃ 10 ላይ ይመጣል) አትውሰዱት። አሉሚኒየም ከማግኒዥየም እያነሰ ኤሌክትሮኑን ግን በቀላሉ ይሰጣል፤ ሁለቱ እውነቶች አይጋጩም።

ደረጃ 8፦ አዮኖችን ለብቻ ቁጠሩ

አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሰጠ ወይም የተቀበለ አቶም፣ ሲመጣ ገበታውን ተዉትና ወረቀት ያዙ። ረድፍና ዓምድ የሚናገሩት ስለ ገለልተኛ አቶም ነው። በሚከተለው ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሀ. የአዮኑን ኤሌክትሮኖች ቁጠሩ፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ከአቶማዊ ቁጥሩ ቀንሱ፣ ነጌቲቭ ከሆነ ደምሩ።

ለ. ስንት ሼል እንደቀረ እዩ። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጥ ሦስተኛው ሼል ጨርሶ ይጠፋል፤ 186 ፒኮሜትር የነበረው 102 ይሆናል። ነጌቲቭ አዮን ግን ከአቶሙ ይተልቃል። ክሎሪን 99 ሲሆን ክሎራይድ 181 ነው። ፕሮቶኑ ሳይጨምር ኤሌክትሮን ስለተጨመረ መገፋፋቱ ሼሉን ያሰፋዋል፤ የ99ና የ181 ልዩነት ይህን ያህል የገነነው ግን አንዱ በኮቫለንት ትስስር፣ ሌላው በክሪስታል ውስጥ ስለተለካም ጭምር ነው።

ሐ. የኤሌክትሮናቸው ብዛት እኩል ከሆነ ፕሮቶን የበዛለት ያንሳል። የ10 ኤሌክትሮን ቤተሰብ ይኸው፦ ኦክሳይድ (8 ፕሮቶን) 140፣ ፍሎራይድ (9) 133፣ የሶዲየም አዮን (11) 102፣ የማግኒዥየም አዮን (12) 72፣ የአሉሚኒየም አዮን (13) 54 ፒኮሜትር። የ18 ኤሌክትሮን ቤተሰብ ደግሞ፦ ሰልፋይድ 184፣ ክሎራይድ 181፣ የፖታሲየም አዮን 138፣ የካልሲየም አዮን 100።

የብዙዎች ስህተት እዚህ ነው፦ «ሶዲየም ከፍሎሪን አንድ ረድፍ በታች ነው፣ ስለዚህ አዮኑም ይተልቃል» ይላሉ። የሼላቸው ብዛት ግን እኩል ሆኗል፤ ያሸነፈው 11 ፕሮቶን ነው።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኤሌክትሮን መንጠቅ

ተከታታይ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ሲሰጣችሁ የምትፈልጉት ትልቁን ዝላይ ነው። ማግኒዥየም፦ 738፣ 1451፣ 7733። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ከ5 እጥፍ በላይ ዘለለ፤ የውጩ ሼል በሁለት ኤሌክትሮን አልቋል፣ ሦስተኛው የመጣው ከውስጠኛው ሼል ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ግሩፕ። አሉሚኒየም፦ 578፣ 1817፣ 2745፣ 11577፤ ዝላዩ ከሦስተኛው በኋላ ነው።

ተንኮለኛው ጥያቄ «በሦስተኛው ረድፍ ከፍተኛ ሁለተኛ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ያለው ማን ነው?» የሚለው ነው። አርገን ብላችሁ አትቸኩሉ። ሶዲየም ነው፣ 4562። አንዱን ከሰጠ በኋላ የቀረው እንደ ኒዮን ሙሉ ሼል ነው።

ደረጃ 10፦ የቀሩትን ባሕርያት አያይዙ

ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ፣ ማለትም በትስስር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራስ የመሳብ አቅም፣ ከቀይ ዘንጎቹ ተቃራኒ ይሄዳል፤ በአንድ ረድፍ ወይም በአንድ ዓምድ ውስጥ አቶሙ ባነሰ ቁጥር ያድጋል። በፖሊንግ መለኪያ ሶዲየም 0.93፣ አሉሚኒየም 1.61፣ ክሎሪን 3.16፣ ከሁሉ ላይ ፍሎሪን 3.98። ሂሊየም፣ ኒዮንና አርገን በዚህ መለኪያ ቁጥር ስለሌላቸው ከውድድሩ አውጧቸው።

ኤሌክትሮን አፊኒቲ ላይ በአንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኤሌክትሮን ሲቀበል የበለጠ ኢነርጂ የሚለቀው ክሎሪን ነው (349 ኪሎጁል በሞል)፤ ፍሎሪን 328 ነው። ፍሎሪን በጣም ትንሽ ስለሆነ አዲስ መጪው ኤሌክትሮን ነባሮቹ በተጨናነቁበት ይገባል፣ ይገፋሉ። በኦክስጅንና በሰልፈር መካከልም ያው ነው፦ 141 እና 200።

የሜታልነት ባሕርይ ያልተቀቡት ዘንጎች ባጠሩበት፣ ቀዮቹ በረዘሙበት ጥግ ይሰበሰባል፤ ወደ ታች ግራ። ኦክሳይዶቹም (ከኦክስጅን ጋር የሚሠሯቸው ውሁዶች) አብረው ይሄዳሉ፦ የሶዲየምና የማግኒዥየም ቤዝ፣ የአሉሚኒየም ሁለቱንም የሚሆን፣ ከሲሊከን እስከ ክሎሪን አሲድ።

የመቅለጫ ሙቀትን ግን በዚህ ገበታ አትፈልጉ። ከሶዲየም እስከ አርገን በዲግሪ ሴልሲየስ 98፣ 650፣ 660፣ 1414፣ 44 (ነጭ ፎስፎረስ)፣ 115፣ −101፣ −189 ነው። የሚወስነው የአንዱ አቶም ባሕርይ ሳይሆን አቶሞቹ እንዴት እንደተያያዙ ነው፤ ሲሊከን ግዙፍ የኮቫለንት መረብ ነው፣ ፎስፎረስ ደግሞ ለየብቻ የቆሙ ትንንሽ ሞለኪዩሎች።

ጥያቄ ሲመጣ

አቶም ነው ወይስ አዮን? አዮን ከሆነ ወደ ደረጃ 8። አቶም ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉ። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካመለከቱ መልሱ በእጃችሁ ነው። ፖታሲየምና ማግኒዥየም ላይ ፖታሲየም ሼሉ ይበዛል፣ የተጣራ ቻርጁም ያንሳል፤ ስለዚህ በእርግጠኝነት ይተልቃል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተጋጩ ግን፣ ለምሳሌ ሊቲየምና ማግኒዥየም ላይ፣ በቆጠራ ብቻ አትፍረዱ። ማግኒዥየም ሼል ይጨምራል፣ ቻርጅም ይጨምራል፤ ሬዲየሳቸው 152 እና 160 ሆኖ ተቀራርቧል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለ ዳታ ከመጣ ከቀሩት ምርጫዎች ጀምራችሁ አጣሩ። በመጨረሻም የተጠየቀው የመጀመሪያ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ከሆነና 3ኛ ወይም 6ኛ ዓምድ ከተነካ ደረጃ 7ን አስታውሱ።

አሁን ገበታውን ሸፍናችሁ እነዚህን ሥሩ፤ ከዚያ በዘንጎቹ አመሳክሩ።

1. ኦክስጅን፣ ሰልፈርና ፍሎሪንን ከትንሽ ሬዲየስ ወደ ትልቅ ደርድሩ።
2. ሲሊከን፣ ፎስፎረስ፣ ሰልፈርና ክሎሪንን በመጀመሪያ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ደርድሩ።
3. የፖታሲየም አዮንና ክሎራይድ፦ የቱ ይተልቃል?
4. ተከታታይ ኢነርጂዎቹ 590፣ 1145፣ 4912 የሆነው ንጥረ ነገር በገበታችሁ ላይ የቱ ነው?

መልስ፦ (1) ፍሎሪን፣ ኦክስጅን፣ ሰልፈር። (2) ሲሊከን፣ ሰልፈር፣ ፎስፎረስ፣ ክሎሪን፤ ፎስፎረስን ከሰልፈር ያስቀደማችሁ የ1 ሚሜዋን ልዩነት ሂዱና እንደገና ተመልከቱ። (3) ክሎራይድ፤ ሁለቱም 18 ኤሌክትሮን አላቸው፣ ክሎራይድ 17 ፕሮቶን ብቻ ነው ያለው። (4) ዝላዩ ሦስተኛው ላይ ከ4 እጥፍ በላይ ስለሆነ ሁለተኛ ግሩፕ ነው፤ ከዚያ ዓምድ 59 ሚሜ የቆመው ያልተቀባ ዘንግ የካልሲየም ነው።